ጋቢ ጠባቂ የሆንኩበት ገና

ደብረ ታቦር ገብታችሁ «የወፍጮው ይርጋ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ የጠየቃችሁት ሰው ሥራውን ትቶ ከደጄ ያደርሳችኋል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኩራራም ግን የሚበዛብኝ አይመስለኝም። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ከየኔታ ግቢ አጠገብ ለሰው እንጨት ስፈልጥ ልጆቹ ሲያነበንቡ እየሰማሁ፣ ምሳሩን ሳነሣ ሀ፣ ሳሳርፍ ሁ እያልኩ ነው ዜማውን የያዝኩት፤ መልኩን ደግሞ ኋላ ከስኳር ከረጢትና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቀምኩት። ዛሬ ዳዊት እደግማለሁ፣ ለጎረቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ይህን የምታነቡትንም ማንም ሳያርመኝ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሞተርም ያስተማረኝ የለም። ወፍጮ ሲያስል ከመንገድ ማዶ ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። ከገሳይ እስከ አንበሳሜ ድረስ እኔ ያልፈታሁት፣ ፈትቼም መልሼ ያልገጠምኩት ወፍጮ ቢኖር አልሰማሁም።

ይሁንና ከማዕረግህ ሁሉ የቱን ታስበልጣለህ ብትሉኝ ወፍጮውንም ንባቡንም አልልም። እኔ የታች ሰፈር ፊት መቺ ነበርኩ።

ይህን ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ከገበያ ስመለስ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጉልበቴን ላሳርፍ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች አሰልጣኙን ያማርራሉ። የቡድኑን ዋና አጥቂ ከጨዋታው አስቀርቶ ዳር አስቀምጦታል፤ ጤነኛ ሰው እሱን ያስቀምጣል ወይ ይላሉ። ልጁን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የጓደኞቹ ሹራብ ተከምሯል። ያን ክምር ደጋግሜ አየሁት። ሽማግሌ በሰው ፊት አያለቅስም፤ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ተነሥቼ ሄድኩ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ። ገና የበዓሉም፣ የጨዋታውም፣ የዱላውም ስም ነው። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ ነው፤ በሱ የሚመታው ከእንጨት የተድቦለቦለው ደግሞ ሩር ይባላል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለሁለት ተከፍለን፣ በልደት ዕለት ከቀትር በኋላ ጀምረን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንፋለም ነበር። ፊት መቺ የሚባለው ከሁሉ ቀድሞ ቆሞ ሩሩን ወደ ተቃራኒው ድንበር የሚያሳልፈው ነው። እኔ ስመታ ሩሩ አይታይም ነበር፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሩሩን ያሳለፈው ሰው አገር ገዢው ከተቀመጠበት ወንበር ፊት ይቆምና በግጥም ይሰድበዋል። ስለ ስስቱ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ ፍርዱ፣ የፈለገውን ይለዋል። ገዢው ይስቃል፤ ስቆም ሙክት ይሸልማል። በገና ጌታ አይቆጣም። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው በዚያች አንድ ማታ ቀና ይላል። አንድ ጊዜ አንድን ባለ ርስት ስለ ንፉግነቱ በሁለት መስመር ገጠምኩለት፤ እንባው እስኪወርድ ስቆ ከትከሻው ላይ በርኖሱን አውልቆ አለበሰኝ። ያን በርኖስ ለብሼ በገበያ መሐል ሳልፍ ያየ አሁን በሕይወት ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራ፤ ከምሽጉ ሥር ካንቲና የሚሉት መጠጥ ቤት ተከፈተ። ከተማዋ ያኔ ሣር ክዳን ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጭሱ ከጣራው ሁሉ እየተነሣ ከጉና ከሚወርደው ጉም ጋር ይደባለቃል። ቅዳሜ ገበያ የካሚዮን ናፍጣና የቅቤ ሽታ አንድ ላይ ይሸት ነበር። የወረቀት ሊሬውን ሴቶቹ አይወዱትም፤ አገላብጠው አይተው «ይህ ዝናብ ያልመታው ዕለት ብቻ ነው ገንዘብ የሚሆን» ይላሉ። አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ግን እንደ ዘመድ ይከበራል። ከዋርካው ሥር አንድ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን በእጁ እያሽከረከረ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ሲረዝም ስፌቱም ይረዝማል። አቡጀዲ እጀ ጠባብ ባለ ኮሌታ በታች ሰፈር መጀመሪያ የለበስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ነው የሰፋልኝ። ኮሌታው እንዳይቆሽሽ አንገቴን እንደ ግመል ወደ ላይ ዘርግቼ ነበር የምሄደው።

የአቡጀዲውን ዋጋ ያገኘሁት ወደ ገሳይ በሚሄደው መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጬ ነው። ሞላን ያወቅሁትም እዚያ ነው። ሞላ ከአንበሳሜ በኩል የመጣ፣ ለእናቱ አንድ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መዳፉ ሰፊ ሰው ነበር። ቤት አልነበረውምና ከእኔ ጋር አደረ፤ እንዲሁ እንዳደረ ኖረ። ሲናገር የሰማው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ለሁለት ሰው የሚበቃ አፍ ስላለኝ ተስማማን። ድንጋይ እየፈለጥን እኔ ግጥም እገጥማለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። ግጥሙ ያማረ እንደ ሆነ መዶሻውን መሬት ያስቀምጣል፤ ያላማረ እንደ ሆነ መምታቱን ይቀጥላል። መዶሻው ካልቆመ ግጥሙን እጥለዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች ወሬዬን አዳምጠውልኛል፤ እንደሱ ያለ ዳኛ ግን አላገኘሁም።

አንድ ቀን ብርዱ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ሰዓት፣ የምሽጉ ሹም በካሚዮን አልፎ አቧራውን ሲያለብሰን፣ ይችን ገጠምኩ፦

በሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለ፣
ሲመሽ ይነሣል ባለቤት እያለ።

የሞላ መዶሻ ቆመ። ዙሪያውን አየና ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። በከንፈሩ ብቻ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እሱም አለው። ከዚያም «ወንድምዓለም፣ ይህስ ለገና ይቀመጥ» አለኝ። እኔም አስቀመጥኩት። ሙሽራ ልብሱን እንደሚያስቀምጥ ነው ያስቀመጥኩት።

የታች ሰፈር የጨዋታ አባት አጋፋሪ ነበሩ። በጉልምስናቸው በትልቅ ሰው አዳራሽ እንግዳ ያስገቡና ያስቀምጡ ነበር፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን አጠገብ ሲቀመጥ ጠብ እንደሚነሣ ያውቃሉ። ሰፈሩ የመረጣቸው ለዚህ ነው። ሥርዓታቸው እንዲህ ነው፤ ሁላችንም የወይራ ዱላችንን ቆርጠን፣ ጫፉን በእሳት ለብልበን፣ ቆልምመን፣ ከበዓሉ በፊት ለእሳቸው እንሰጣለን። በልደት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ጾሙን ገድፎ ጠላውን ቀምሶ ሲሰበሰብ፣ እሳቸው ዱላውን አንድ በአንድ ያድላሉ። መጀመሪያ የተሰጠው ፊት ይቆማል። እኔ በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ መጀመሪያ የተዘረጋው ለእኔ እጅ ነው።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጨዋታው ተከልክሎ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ዱላ ይዞ ሲሰበሰብ ማየት አይወዱም። በዚያ ዓመት ግን ሹሙ ፈቀደ። ፈቀደ ብቻ አይደለም፣ እኔም መጥቼ አያለሁ አለ፤ ገዢ ተቀምጦ ማየቱ የአገሩ ወግ ነው ብለው ነግረውት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩበት። አብዛኞቹ፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጌታ ነው፣ ወጉም ይይዘዋል፣ ይስቃል አሉ። እኔም እንዲያ ነበር የማምነው። ታች ሰፈርም ላይ ሰፈርም ያመነው ያንኑ ነው። አጋፋሪ ብቻ መሬቱን በከዘራቸው ሲጭሩ ቆይተው፣ «ወግ የሚይዘው የሚያውቀውን ነው» አሉ።

በልደት ጠዋት ኮሌታዬን አቁሜ ከሁሉ ፊት ቆምኩ። አጋፋሪ የመጀመሪያውን ዱላ አነሡ። የእኔ ነበር፤ በእሳት ስለበልበው የጠቆረበትን ስፍራ አውቀዋለሁ። እጄን ዘረጋሁ። አለፉኝና ለሞላ ሰጡት።

ሞላ አልተቀበለም። «እሱ እያለ?» አላቸው።

«እሱ ስላለ ነው» አሉት።

ሌሎቹን ሁሉ አደሉ። ለእኔ የደረሰ አልነበረም። ምን አጠፋሁ፣ አጋፋሪ፣ ይንገሩኝ አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ሲቀጥን ለራሴ ተሰማኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ክንድህን አልጠላሁትም። የፈራሁት አፍህን ነው። ያ ሰውዬ የኛ ጌታ አይደለም። ሞላ ያሳልፈው፣ እጅ ነሥቶ ይመለስ፤ ሁላችንም ቤታችን እንግባ። አንተ ጋቢ ትጠብቃለህ» አሉኝ።

ጋቢ መጠበቅ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ወይም የሽባ። ተጫዋቾቹ እየመጡ ጋቢያቸውን እያወለቁ ጭኔ ላይ ከመሩ። አንዳንዱ ያፍርልኛል፤ አንዳንዱ በሆዱ ይስቃል። መጨረሻ ሞላ መጣ። ጋቢውን እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ነው፤ ጥለት የለውም፣ ግን ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ይለያል። አጣጥፎ አስቀመጠልኝና «ብመታም ያንተ ነው» ብሎኝ ሄደ። አላየሁትም። አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ላይ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ቀን አግኝተው ዝም አይሉም። «ይርጋ፣ ምነው ወባ ያዘህ? ያን ሁሉ ጋቢ ደርበህ» ይለኛል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ ታች ሰፈር የልብስ ሣጥን አበጅቶ ነው» ይላል። እኔ የጋቢዎቹን ጠርዝ አስተካከልኩ። ሹሙ ከኮረብታው ሥር በባለ መደገፊያ ወንበር ተቀምጧል፤ በስተቀኙ አስተርጓሚው ቆሟል፣ በስተግራው የባንዳው አለቃ ተቀምጧል።

የሞላን አጨዋወት ልመስክር፤ ከእኔ በኋላ እንደሱ አላየሁም። እኔ እንደ መብረቅ ነበርኩ። እሱ ግን ሩሩን አይመታውም፤ ያግባባዋል ማለት ይቀላል። በሰው እግር መሐል እየመራ፣ እየቆመ፣ እያሳለፈ ይወስደዋል። ፀሐይዋ ከኢየሱስ ኮረብታ ጀርባ ልትገባ ስትል ሦስት ሰው ከበበው፤ አቧራው ተነሣ፤ አቧራው ሲጠራ ሩሩ ከድንበሩ ማዶ ነበር። ታች ሰፈር እልል አለ። እኔም ተነሣሁ፤ ጋቢዎቹ ሁሉ ከጭኔ ወደቁ። ቂሜ ለአንድ አፍታ ጠፋብኝ።

አጋፋሪ ሞላን ወደ ወንበሩ ይዘውት ሄዱ። ሞላ ቆመ፤ እጅ ነሣ። አጋፋሪ ክርኑን ነካ አደረጉት፣ እንመለስ ማለታቸው ነው። እሱ ግን ዞር ብሎ በሕዝቡ ውስጥ እኔን ፈለገ። አገኘኝ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረና፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ ሜዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ የእኔን ግጥም አለው። አንድ ቃል አላጎደለም። እንደዚያ አድርጌ እኔ ራሴ አልለውም ነበር።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ላይ ሰፈር እንኳ ሽንፈቱን ረስቶ ሳቀ። ሹሙም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ፤ ሊሸልመው እጁን ኪሱ ከተተ። ምን አለ ብሎ ሲጠይቅ አስተርጓሚው ጥቂት አመነታና አንድ አጭር ነገር ነገረው፤ ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ፣ አለፈ ብዬ ተነፈስኩ። የባንዳው አለቃ ግን ወደ ጆሮው ዘንበል አለ። የሹሙ እጅ ከኪሱ ባዶውን ወጣ።

ግርግር አልነበረም። ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው እንደ ሚዜ ወደ ምሽጉ ወሰዱት። ሞላ አልታገለም። የማይቆጣ ጌታ ቀልዶበት፣ ጥቂት ቆይቶ የሚለቀው ይመስለው ነበር፤ ይህን ከአካሄዱ አየሁት፤ ፈገግ እንዳለ ነው የሄደው። የለበሰው ስስ እጀ ጠባብ ብቻ ነበር። የጉና ብርድ ደግሞ መውረድ ጀምሮ ነበር።

በማግሥቱ ኮሌታ ያለውን ልብሴን ለብሼ፣ የሞላን ጋቢ ታቅፌ ምሽጉ በር ሄድኩ። አጋፋሪ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ቆባቸውን አውልቀው በባዶ ራሳቸው ውርጭ ላይ ቆመዋል። ፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ይያዙ ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። አስተርጓሚው ሲወጣ ቀረብኩና ግጥሙ የእኔ ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ ጋቢ ጠባቂው አይደለህም?» አለኝ። «ጋቢህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ራሴ ተናግሬ ሰው ሁሉ አምኖኛል፤ ከእውነቱ በላይ ባወራሁበት ቀን እንኳ አምነውኛል። በዚያች ጠዋት ብቻ እውነቱን ብቻ ተናገርኩ፣ በዚያች ጠዋት ብቻ አልታመንኩም። አስተርጓሚው ያላመነኝ ከምሬ ስላልመሰለው ይሁን አዝኖልኝ አሁንም አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ካሚዮን ወጣ፤ በሸራ የተሸፈነ ነው፤ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሄደ። ጋቢውን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ ተከትዬ ሮጥኩ። ካሚዮን እንደሚያመልጠኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ሞላ አልተመለሰም። እዚህ ታየ፣ እዚያ ሞተ የሚል ወሬ ብዙ ሰማሁ፤ አንዱም ያየ ሰው ወሬ አልነበረም።

ጋቢውን ለእናቱ ላደርስ አንበሳሜ ወረድኩ። እማማ ከቤታቸው ደጅ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ጋቢውን ተቀብለው ፊታቸውን ቀበሩበት፤ አልታጠበም ነበርና ጠረኑ አለ። ሲቆይ ቀና አሉ፣ እንደገና አጣጠፉት፣ መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጠብቅልኝ ያለው አንተን ነው» አሉኝ። «ሲመጣ የሚጠይቀው ካንተ ነው። እኔ ዘንድ ከሆነማ እዚህ እስኪደርስ ይበርደዋል።»

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ገና እንደገና ተጀመረ። አጋፋሪ አርጅተዋል፤ ሰፈሩ ግን ካለ እሳቸው ማን ያድላል ብሎ አመጣቸው። የመጀመሪያውን ዱላ አንሥተው ለእኔ ዘረጉ። ዱላውን ተቀብዬ ጨበጥኩት፤ ከዚያ ለኋላዬ ሰው አሳለፍኩና ጋቢዎቹን እኔ ልጠብቅ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ጨዋታው ሲጀመር አጋፋሪ ከአጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን በአንዱ ጋቢ ሸፈንኩላቸው። ሜዳውን እያዩ፣ «ያንተን አፍ ስጠብቅ የሱን ልብ ረሳሁት» አሉኝ። የከዘራቸውን ጫፍ ከአቧራው አነሣሁላቸው እንጂ ሌላ ያደረግሁት የለም። ለሚቀጥለው ገና አልደረሱም።

ዛሬ ያ ሜዳ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፤ ወይራው ተቆርጧል፤ ሰፊው የነበረበት ዋርካ ሥር ራዲዮ ይጠገናል። ልጆቹ ኳስ ነው የሚወዱት፤ አልፈርድባቸውም። ያን ዳር የተቀመጠውን ልጅ ግን ብትቀርበው ምን ነበረበት እያልኩ ሰሞኑን ራሴን እሞግታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምርለት አላውቅም ነበር።

ሰው ሲያረጅ ያደረገውን ይቆጥራል፤ እኔም ብዙ ስላለኝ ልቁጠር። ማንም ሳያስተምረኝ አንብቤአለሁ። ወፍጮ ተክዬአለሁ፤ በደህናው ዘመንም በክፉውም ዘመን የድኻ እህል ሳላስከፍል ፈጭቻለሁ። ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠርቻለሁ። ስድስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ የመጀመሪያውን ሞላ ብዬዋለሁ፤ እሱም እንደ ስሙ ዝምተኛ ወጣ። እማማ እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ አንበሳሜ ወርጄ ጣራቸውን ከድኛለሁ፤ ሲያርፉም ከልጅ ቦታ ቆሜ ቀብሬአለሁ። ከዚያ ገና ወዲያ አንድም ግጥም አልገጠምኩም፤ ይህንም ካደረግሁት እቆጥረዋለሁ፣ ቀላል አልነበረምና። በዚያ ገና ከጭኔ ላይ ከወደቁት ጋቢዎች ሁሉንም አራግፌ ለየባለቤታቸው መልሻለሁ። አንዱን በየልደቱ ፀሐይ እያሞቅሁ፣ ብል ሳላስነካ ይዤዋለሁ።